የመንገደኛ ስንቅና የምግብ መራጭነት ታሪክ

የሰው ልጅ በባቡር፣ በመኪናና በአውሮፕላን መጓዝ ከጀመረ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም። ከዚያ አስቀድሞ ንጉሡም ወታደሩም፣ ነጋዴውም ተማሪውም አገር ለአገር የዞረው በእግሩ ወይም በከብት ጀርባ ነው። የታሪክ መጻሕፍትን ስናነብ ጦሩ ከዚህ ተነሣ፣ እዚያ ሰፈረ፣ በዚህ ቀን ድል አደረገ የሚለውን ቃል እናገኛለን። ነገር ግን በመካከሉ ባሉት ቀኖች ሁሉ ያ ሰው ምን በላ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ሆኖም ያልበላ እግር አይሄድም፤ ያልሄደ እግርም ታሪክ አይሠራም።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው መንገደኛው ያገኘውን ሁሉ የማይበላ ሰው ሲሆን ነው። ምግብ የሚመርጥ ሰው ረጅም መንገድ አይችልም፣ ቤቱ ይቀመጥ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የአገራችን ታሪክ ሲመረመር ግን የሚያስተምረን ሌላ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ምግብ መራጮች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከሸዋ እስከ ትግራይ፣ ከጎጃም እስከ ምጽዋ በእግራቸው ተጉዘዋል። ይህን ለማድረግ የቻሉበት ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም ምርጫቸውን የፈጸሙት ከቤት ሳይነሡ፣ በስንቅ ዝግጅት ጊዜ እንጂ በመንገድ ላይ ስላልነበረ ነው። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህን በምሳሌ ማስረዳት ነው።

መራጮች ነበሩ ስንል ምላሳቸው ቅንጡ ነበረ ማለታችን አይደለም። ምርጫቸው በሕግ የተወሰነ ነበረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ረቡዕና ዓርብ ተጨምረው ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ ይኖራል። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሙስሊሙም በበኩሉ በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይጾማል፤ ሃይማኖቱ መንገደኛው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውር ቢፈቅድለትም፣ በሥርዓቱ ያልታረደ ሥጋ ግን በመንገድም ቢሆን አይበላም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበሉም። በዚህ ላይ የየአገሩ አስተዳደግ ይጨመራል፤ በጤፍ እንጀራ ያደገው፣ በገብስ ያደገው፣ በማሽላ ያደገውና በእንሰት ያደገው ሁሉ ሆዱ የሚለምደው ለየራሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መራጭ ሕዝብ ለመንገድ ምን ያዘ? መልሱ ከእናቶቻችን ጓዳ ይገኛል። በመጀመሪያ በሶን እናገኛለን። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ ዱቄቱም ስልቻ ውስጥ ይገባል። በሶ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለ ሆነ በመንገድ ላይ ማገዶ አይፈልግም፤ በውሃ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ይጨበጣል፣ ወይም በማር ተበጥብጦ ይጠጣል። ቀጥሎ ዳቦ ቆሎ አለ፤ ይህም የስንዴ ሊጥ በትንንሹ ተቆርጦ የሚቆላ ነው። ድርቆሽ እንጀራው በፀሐይ ደርቆ የሚሰናዳ ሲሆን በወጥ ወይም በውሃ ሲርስ ነፍስ ይዘራል። ሽሮና በርበሬ ለወጥ፣ ቆሎ ለመቆርጠም፣ ተልባና ኑግ ለጾም ቀን ይያዛሉ። ለፍስክ ቀን ደግሞ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የደረቀ ቋንጣ፣ እንዲሁም የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበት ጭኮ አለ።

ይህን ዝርዝር አስተውሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ትልቅ ጥበብ ይታየዋል። ከቋንጣና ከጭኮ በቀር ሌላው ሁሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጾመኛውም ፍስከኛውም ሊበላው የሚችል ነው። ሥጋውና ቅቤው በተጨማሪነት የተያዙ ናቸው፤ ቢቀሩም መንገደኛው አይወድቅም። ስለዚህ ስንቁ ሲዘጋጅ፣ የትኛው ቀን ጾም ነው፣ ከማን ጋር እጓዛለሁ፣ ማገዶና ውሃ የት አገኛለሁ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድመው ተመልሰው ነበር።

ስንቅ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሸክም ይዞ ዳገትና ቁልቁለት የሚሄድ ጎልማሳ በቀን ከ3,000 እስከ 4,000 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ኪሎ የደረቀ እህል 3,500 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ኪሎ ብንል፣ ለሃያ ቀን ሃያ ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ጦሩንና ጋሻውን፣ ልብሱንና ውሃውን ተሸክሞ ከዚህ የበለጠ መያዝ ለማንም ቢሆን ይከብዳል። ስለዚህ በእግረኛ ጀርባ የተያዘ ስንቅ ከሦስት ሳምንት እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ አህያና በቅሎ፣ እንዲሁም የሚፈጩና የሚጋግሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አድዋ ዘመቻ እንሂድ። ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ 140 ቀን ያህል አለ። መንገዱም በዛሬው የመኪና መንገድ በመቀሌ በኩል ሲለካ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የዘመተው ሠራዊት 100 ሺህ ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል። ከላይ በተናገርነው ሒሳብ ብናስበው ለዚህ ሠራዊት በየቀኑ 1,000 ኩንታል እህል ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ምግብ አብሳዩን፣ አህያ ነጂውንና ጭነት ከብቱን ሳይጨምር ነው።

ይህ የሆነው አገሪቱ ከታላቅ ችጋር ገና በወጣችበት ጊዜ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬና ላም ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻው ተፈታ፣ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። ከዚህ በኋላ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት እንዲሰጥ አሥራትን ደነገጉ። የአድዋ ዘማች በዋናነት በእህል ስንቅ መታመኑ እንግዲህ ከጾሙ ሥርዓት በቀር በዚህም የተነሣ ጭምር ነው፤ የሚታረደው ከብት እንደ ድሮው አልበዛም ነበርና።

የጾሙንም ነገር በቀን መቁጠሪያ እንመልከተው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገባ፤ በአምባላጌ ድል የተደረገው ኅዳር 28 ቀን በዚሁ ጾም ውስጥ ነው። በባሕረ ሐሳብ ሲሰላ የዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ ጥር 19 ቀን፣ ዓቢይ ጾም የካቲት 3 ቀን ገቡ፤ ፋሲካም መጋቢት 28 ቀን ዋለ። እንግዲህ የአድዋ ጦርነት ዓቢይ ጾም ከገባ በ21ኛው ቀን፣ በመጻጉዕ እሑድ የሆነ ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምረን ብንቆጥር ከጥቅምት እስከ የካቲት 23 ካሉት ቀኖች ከግማሽ የሚበልጡት የጾም ቀኖች ነበሩ። ወታደሩ ስንቁን በሥጋና በቅቤ ላይ መሥርቶ ቢሆን ኖሮ ከመንገዱ ግማሽ በላይ ከሃይማኖቱ ወይም ከሆዱ ጋር መጣላት ግድ በሆነበት ነበር። በሶውና ሽሮው ግን ከሁለቱም ጋር አስታረቁት።

ይህ ሁሉ የተሠራው በሴቶች እጅ መሆኑ መነገር አለበት። እህሉን የፈጩ፣ እንጀራውን የጋገሩ፣ ገንቦውን በጀርባቸው አዝለው ከወንዶቹ እኩል የተጓዙ እነርሱ ናቸው። እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ከመዝመታቸው በላይ በጦርነቱ ቀን ሴቶቹ ለተዋጊው ውሃ እንዲያቀርቡ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። የጀግኖቹ ስም ሲጠራ የእነዚህ ሴቶች ስም አብሮ አለመጠራቱ ታሪካችንን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ሆኖም የተባለው ወሰን አልቀረም። በየካቲት መጨረሻ ገደማ በአድዋ ዙሪያ እህል ጠፋ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ ተመናምኖ ብዙ ሰው እህል ፍለጋ ወደየአቅጣጫው ተሰማርቶ ነበር። የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲየሪም በበኩሉ ለጦሩ የቀረው ምግብ የጥቂት ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ ወይ ወደ ኋላ መመለስ ወይ መግጠም ግድ ሆነበት። ከሮማ የመጣበት ግፊት ተጨምሮበት መግጠምን መረጠ። እንግዲህ የአድዋ ጦርነት በዚያ ቀን እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የሁለቱም ወገን የስልቻ ባዶነት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከወታደሩ ቀጥሎ የሚታሰበው ሲራራ ነጋዴ ነው። ከጎጃምና ከጎንደር ተነሥቶ በአድዋ በኩል እስከ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ጭኖ በመንገድ ላይ ወራት ይቆይ ነበር። በአንድ ሲራራ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይጓዛሉ፤ ሽፍታን ለመከላከል መበርከት ያስፈልግ ነበርና። እርድ ሲሆን ይለያያሉ፤ ቆሎና በሶ ሲሆን ግን ከአንድ ስልቻ መዝገን ይችላሉ። የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በመንገድ ላይ ሳይናናቁ የሚኖሩበት ዘዴ አንዱ በዚህ በደረቁ ስንቅ ተገኘ ማለት ነው። መራጭነት ሰውን ከሰው የሚለየው የጋራ የሆነ ምግብ ሳይታሰብበት ሲቀር ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገደኛ እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚነካን ነው፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። ስሙን ራሱን ከስንቁ አገኘው። ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ሲሄድ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ነው። ቆሎው ሲያልቅ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። የለመነ ሰው ደግሞ አይመርጥም። ከአንዱ ቤት የገብስ ቁራሽ፣ ከሌላው ንፍሮ፣ ከሦስተኛው የማሽላ እንጀራ ይደርሰዋል፤ የተረፈውም ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል። ብዙ መከራ እንደሚያይ፣ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዛሬ ስናስበው በአኩፋዳው ውስጥ እህሉና ጥራጥሬው መደባለቁ ሳያውቀው ጠቅሞታል። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ቢበላ ኖሮ ያን ያህል ዓመት መማር ይከብደው ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ምርጫቸውን በቤታቸው ስለ ፈጸሙ ወይም ከነጭራሹ ስለ ተዉ ሰዎች ነው። ምርጫን በመንገድ ላይ ማድረግ የሚያመጣውን ጉዳት ለማየት ደግሞ ከአውስትራልያ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1860 ሮበርት በርክ የሚባል ሰው 19 ሰዎችን መርቶ፣ በግመልና በፈረስ 20 ቶን ያህል ዕቃ ጭኖ ከሜልበርን ከተማ ተነሣ። ዓላማው አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ነበር። ከመንገዱ አጋማሽ፣ ኩፐር ከሚባለው ወንዝ ላይ ሰፈር ካደረገ በኋላ ከዊልያም ዊልስ፣ ከጆን ኪንግና ከቻርልስ ግሬይ ጋር ሆኖ የሦስት ወር ስንቅ ያህል ይዞ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። በየካቲት 1861 ወደ ሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ተቃረቡ። ሲመለሱ ግን ስንቁ አልቆ ነበር፤ ግሬይ በመንገድ ላይ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ሚያዝያ 21 ቀን ማታ ወደ ሰፈሩ ሲደርሱ፣ ሲጠብቃቸው የቆየው ጓድ በዚያው ዕለት ጠዋት ተነሥቶ ሄዶ ነበር። የተወላቸው ከዛፍ ሥር የተቀበረ ጥቂት ስንቅ ነው።

የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዚያ ወንዝ ዳር የያንድሩዋንዳ ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ ናርዱ ከሚባል ተክል ፍሬ ቂጣ እየጋገሩ በደኅና ይኖሩ ነበር። ለእንግዶቹም ዓሣና ቂጣ ይሰጧቸው ነበር። በርክ ግን ሰዎቹ ወደ ሰፈሩ መቅረባቸውን አልወደደም። አንድ ቀን ዓሣ ይዘው ሲመጡ ከእጃቸው እየመታ እንደ ጣለው፣ እንዲተኮስባቸውም እንዳዘዘ ጓደኛው ኪንግ በኋላ መሰከረ። ሰዎቹ ርቀው ሄዱ። በርክና ጓደኞቹ ናርዱውን ራሳቸው እየለቀሙ፣ እየፈጩ ይበሉ ጀመር፤ ሆዳቸው እየሞላ ሰውነታቸው ግን እየደከመ ሄደ። በርክና ዊልስ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሞቱ። ኪንግ ወደ ያንድሩዋንዳ ሰዎች ተጠግቶ ከእነርሱ ጋር በልቶ እየኖረ በመስከረም 1861 ሊፈልገው የመጣው ጓድ በሕይወት አገኘው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሁለት ሳይንቲስቶች የዚህን ነገር ምክንያት አስረድተዋል። ናርዱ በተገቢው መንገድ ካልተሰናዳ ቪታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለበት፤ የአገሩ ሰዎች በጥንቃቄ ሲያዘጋጁት ጉዳቱ ይቀራል። በርክ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተጎዳ። መጀመሪያ የተሰጠውን ዓሣ ናቀ፤ ቀጥሎም ምግቡን ወስዶ የምግቡን ዕውቀት ተወ። የእኛ ጾመኛ በሕግ መረጠ፣ ምትኩንም አስቀድሞ አሰናዳ። በርክ በትዕቢት መረጠ፣ ምትክም አልነበረውም። ልዩነቱ ይህ ነው።

በመጨረሻ የዛሬው የምግብ ትምህርት ስለ ጥንቱ ስንቅ ምን ይላል? ከሞላ ጎደል ይመሰክርለታል። ገብስና ስንዴ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ከመቶ እጅ አሥሩ ያህል ፕሮቲን ቢኖርባቸውም ፕሮቲኑ ብቻውን የተሟላ አይደለም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራና ምስር የጎደለውን ይሞሉታል። ስለዚህ በሶና ሽሮ፣ ወይም የገብስና የሽንብራ ቆሎ አብሮ የያዘ ሰው ሥጋ ባይበላም ሰውነቱን ይጠግናል። ኑግ፣ ተልባና ሱፍ ቅባት ይሰጣሉ፤ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም የእህል ስታርች የሚሰጠው 4 ስለ ሆነ፣ ቅባት የያዘ ስንቅ ሸክም ያቀላል። ደረቅ ስንቅ የሚጎድለው ቪታሚን ሲ ነው፤ ይህም በሎሚ፣ በቃሪያና በጎመን ይገኛል። ሎሚውና ቃሪያው በጥራጥሬው ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲዋሐድም ይረዳሉ።

ዛሬም ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሳለም ምእመን አለ፤ ተራራ ለመውጣትና አገር ለማየት የሚጓዝ ተማሪም አለ። ከመካከላችን በሶ የማይወድ፣ ሽሮ የሚሰለቸው፣ ወተት የማይስማማው አይጠፋም። ይህ ሰው በመራጭነቱ ሊሣቅበት አይገባም፤ ነገር ግን መራጭነቱ ሥራ ይጨምርበታል። በሶ የማይወድ ዳቦ ቆሎ ያሰናዳ፤ ሥጋ የማይበላ እህሉን ከጥራጥሬ ጋር ያዋሕድ፤ ቶሎ የሚሰለቸውም ሁለት ሦስት ዓይነት ይያዝ። የሚይዘውንም ከመነሣቱ በፊት በአጭር መንገድ ላይ ይሞክረው፤ ሆድ በቤት ያልለመደውን በዳገት ላይ አይለምድምና። ከሁሉም በላይ የደረሰበት አገር ሰው የሚሰጠውን ምግብና ዕውቀት በትሕትና ይቀበል፤ ሕጉ የማይፈቅድለት ቢሆን እንኳ በምስጋና እንጂ በንቀት አይመልስ።

ስለ ስንቅ ማወቅ የጓዳ ወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ ምን ያህል አርቆ እንደሚያስብ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ለመንገድ ሲነሣ በስልቻው የሚያኖረው ነው። አያቶቻችን ሕጋቸውን ሳይጥሱ፣ ጉልበታቸውንም ሳያጡ ያን ያህል መንገድ ሄደዋል። እኛም ገና ሩቅ የሚሄድ መንገድ ከፊታችን አለ፤ ለእርሱም የሚስማማንን ስንቅ ዛሬውኑ፣ በቤታችንና በትምህርት ቤታችን ሳለን እናሰናዳ።